የሚግልና የሚጮህ ኮምፒውተር፦ የጽሕፈት ቤታችንን መሣሪያ ከመለወጣችን በፊት

ባለፈው በጋ ለፕሮጀክት ክትትል በደብረ ብርሃን አካባቢ ወደሚገኝ አንድ አጥቢያ በሄድንበት ጊዜ የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት አንድ ቃለ ጉባኤ አሳየን። ቃለ ጉባኤው የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ከአገልግሎት ውጭ ስለሆነ አዲስ እንዲገዛ፣ ገንዘቡም ለቤተ ልሔሙ ጣሪያ ማደሻ ከምእመናን ከተሰበሰበው ላይ እንዲወሰድ የሚወስን ነበር። ፊርማው ተሟልቷል፤ ፕሮፎርማም ከሦስት ነጋዴዎች ተሰብስቧል። የቀረው ገንዘቡን ከባንክ ማውጣት ብቻ ነበር። እኛ የሄድንበት ጉዳይ ሌላ ቢሆንም የደብሩ አስተዳዳሪ አባታችን «እስቲ እናንተም እዩትና ምስክር ሁኑን» ስላሉን ወደ ክፍሉ ገባን።

ኮምፒውተሩን ከማየታችን በፊት ሰማነው። ድምፁ ከበሩ ውጭ ድረስ የሚሰማ ሲሆን እህል እንዳለቀበት ወፍጮ ይፋጫል። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ እኅታችን እንደገለጹልን ማሽኑ ማለዳ ሲከፈት ደኅና ይሠራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ድምፁ ይጨምራል፣ ሲተይቡ ፊደሉ እየዘገየ ይመጣል፣ በመጨረሻም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ወዲያው ሲከፍቱት እንደገና ይጠፋል፤ ምሳ በልተው ሲመለሱ ግን ይሠራል። ባለሙያ ተጠርቶ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ብሏቸዋል።

የተቃጠለ ማዘርቦርድ ግን በምሳ ሰዓት ስላረፈ ከሰዓት በኋላ ሊሠራ አይችልም። ቀዝቃዛ ሳለ እየሠራ፣ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲያርፍ ተመልሶ የሚነሣ ማሽን በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ሙቀት ነው። ዝቅ ብለን ስንመለከት ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛው ሥር በምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፤ ከአቧራ ይጠበቅ ዘንድ በሚያምር የጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጨርቁ ማሽኑ እየሠራ ሳለም አይነሣም ነበር። ጨርቁን የጠለፉት አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት እኅት መሆናቸውን ስለሰማን የምንናገረውን ቃል መርጠን መናገር ግድ ሆነብን።

በየአጥቢያው የምናገኘው ችግር ከዚህ እምብዛም ስለማይለይ፣ በዚያን ዕለት ያደረግነውን ከሌላ ቦታ ከተማርነው ጋር አያይዘን ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለጽሕፈት ቤት አገልጋዮች ማቅረቡ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ከሁሉ አስቀድሞ መዝገቡ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ አጥቢያ ይህንኑ የመሰለ ችግር ገጥሞን ነበር። እኛም ችኩሎች ነበርንና ማሽኑን ፈትተን አቧራውን ማራገፍ ጀመርን። ከማራገቢያው ጩኸት ሥር በየጥቂት ሰከንዱ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ሌላ ድምፅ ነበረ። ሰምተነው ነበር፤ ነገር ግን ትኩረት አልሰጠነውም። ድምፁ ከሀርድ ዲስኩ የሚወጣ ነበር። ጽዳቱን ጨርሰን መልሰን ስንከፍተው ማራገቢያው ጸጥ አለ፤ ሀርድ ዲስኩ ግን አልተነሣም። የሦስት ዓመት የአባላት መዋጮ መዝገብና የክርስትና ምስክር ወረቀት ዝርዝር አብሮት ሄደ። የመዋጮው ደረሰኝ ቀሪ በወረቀት ስለነበረ ሁለት ዲያቆናት አራት ወር ደክመው እንደገና ጻፉት፤ ከክርስትናው ዝርዝር ግን የተገኘው ከፊሉ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ስለዚህ ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት መዝገቡ ይገለበጥ። ማሽኑ ማለዳ ቀዝቃዛ ሳለ ይከፈትና የአባላት መዝገቡ፣ ሒሳቡ በኤክሴልም ይሁን በፒችትሪ፣ ደብዳቤዎቹና ቃለ ጉባኤዎቹ በውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ ይቀዱ። ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ በፍላሽ ይያዝ። ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ካልታየ ቅጂ ነው ብሎ ማመን አይገባም፤ የተገለበጠ የመሰለውና ሲከፈት ባዶ የሆነ ፍላሽ ብዙ ጊዜ አይተናል። ከሁለቱም አንዱ ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል ሳይሆን በደብሩ ካዝና ወይም በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ።

ማሽኑ ግልበጣው ሳያልቅ የሚጠፋ ከሆነ ጨርቁን አንሥቶ፣ ከግድግዳው አርቆ፣ የጎን ክዳኑን ከፍቶ የጠረጴዛ ቬንቲሌተር ወደ ውስጥ እንዲነፍስበት ማድረግ ይቻላል። ይህ ለዚያች አንዲት ሰዓት ብቻ የሚሆን መላ ነው። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ካለ ደግሞ ማሽኑን ደጋግሞ ማጥፋትና መክፈት አይገባም፤ እያንዳንዱ መነሣት የመጨረሻው ሊሆን ይችላልና በተነሣበት ጊዜ በጣም የሚያስፈልገው መዝገብ ይቅደም።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል

የኮምፒውተሩን ሥራ ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰር የተባለው ክፍል ነው። በጽሕፈት ቤቶቻችን ለምንጠቀምባቸው ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች አምራቾቹ የሰጡት የሙቀት ደረጃ 65 ዋት ያህል ነው። ቀድሞ በየቤቱ የነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል ሲበራ በእጅ እንደማይያዝ ሁላችን እናውቃለን። ፕሮሰሰሩ ያንን የሚያህል ሙቀት የሚያወጣው ከቴምብር በማይበልጥ ስፍራ ላይ ሆኖ ነው። ይህ ሙቀት በፍጥነት ካልተወሰደለት መሥራት አይችልም።

ሙቀቱ የሚወሰደው በቅብብል ነው። ከፕሮሰሰሩ ገጽ ተነሥቶ ተርማል ፔስት በሚባለው ቅባት በኩል ከላዩ ወደ ተቀመጠው ባለ ብዙ ክንፍ የአሉሚኒየም ብረት ይሄዳል፤ ይህን ብረት ባለሙያዎቹ ሂት ሲንክ ይሉታል። በብረቱ ላይ ያለው ማራገቢያ፣ ማለትም ፋኑ፣ በክንፎቹ መካከል አየር ያሳልፍና ሙቀቱን ያነሣል። የሞቀውን አየር ደግሞ የሳጥኑ የኋላ ማራገቢያ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ከነዚህ አንዱ ከተቋረጠ የቀሩት ደኅና ቢሆኑም ዋጋ የላቸውም። ማራገቢያው እየዞረ ፕሮሰሰሩ የሚግልበት ምክንያት ይኸው ነው፤ «ፋኑ ይዞራልኮ» መባሉ ምርመራውን አይዘጋውም።

ብዙዎቹ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ሥራ ሳይበዛባቸው ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሥራ ሲበዛባቸው ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቆያሉ። ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። እኅታችን ፊደሉ ዘግይቶ ይመጣል ያሉት ያንን ነው። ከዚያም ካለፈ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። በድንገት መጥፋቱ እንግዲህ ብልሽት ሳይሆን መከላከያ ነው፤ ሆኖም በዚያች ቅጽበት ተከፍቶ የነበረው የሒሳብ ሰነድ ሊበላሽ ይችላል።

የማሽኑን ሙቀት ለማወቅ ሲከፈት ዲሊት ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ባዮስ ወደሚባለው ገጽ መግባት ይቻላል፤ በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ የፕሮሰሰሩ ሙቀትና የማራገቢያው ፍጥነት በዚያ ይታያል። ኤች ደብሊው ሞኒተር የተባለው ነጻ ፕሮግራምም በሥራ ላይ እያለ ያሳያል።

የደጋው አየር

«የእኛ አገር ብርድ ነው፤ ኮምፒውተር እንዴት ይግላል?» ብለው አንድ ቀሲስ የጠየቁን ጥያቄ ተገቢ ነበር። መልሱ ከፍታው ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል፣ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋው በደብረ ብርሃን ከፍታ ደግሞ ሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በአንድ ደቂቃ ያንኑ ያህል ጊዜ ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ያን ያህል የቀለለ ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ እንዲቀነስ የሚያሳስቡት። በዚህ ስሌት በባሕር ጠለል እስከ 35 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል እንዲሠራ የተፈቀደለት ማሽን በደብረ ብርሃን ከፍታ የሚፈቀድለት 26 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ በመስኮት የምትገባበት ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል በበጋ ቀትር ላይ ያንን አልፎ ይሄዳል። በጋምቤላ ወይም በአፋር ቆላ ላሉት አጥቢያዎች አየሩ የወፈረ ቢሆንም ክፍሉ ራሱ ስለሚሞቅ ችግሩ በሌላ በር ይገባል።

በዚህ ላይ አቧራ ሲጨመር የማሽኑ ትርፍ አቅም ያልቃል። ከምንጣፍ የሚነሣው ብናኝ ከመንገድ አቧራ የከፋ ነው፤ ቃጫ ስላለው በብረቱ ክንፎች ላይ እንደ ሱፍ ይነጠፋል። ጽሕፈት ቤቱ የሻማና የጧፍ መሸጫ በሆነበት፣ ወይም የዕጣን ጢስ በሚደርስበት ስፍራ ደግሞ አቧራው ይጣበቃል። እንዲህ ያለውን አቧራ በመንፋት ብቻ ማስለቀቅ አይቻልም፤ በአልኮል በረጠበ ጥጥ መጥረግ ያስፈልጋል።

ድምፁን መለየት

ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም። ወጥ ሆኖ የሚያፏጭና ሥራ ሲበዛ የሚጨምር ድምፅ ማራገቢያው ሙቀት ስለበዛበት በሙሉ ፍጥነት መዞሩን ያሳያል፤ ሙቀቱ ሲቀንስ እርሱም ጸጥ ይላል። የሚፋጭና ማለዳ ላይ የሚብስ ድምፅ የማራገቢያው መዞሪያ ዘይቱ ማለቁን ወይም መበላቱን ያመለክታል። «ጠጠጠጠ» የሚል ከሆነ ምናልባት አንድ ሽቦ ከክንፉ ጋር እየተነካካ ነው። የሚንቀጠቀጥና ሳጥኑን በእጅ ሲጫኑት የሚያቆም ድምፅ የላላ ብሎን ወይም ያልተገጠመ ክዳን ነው፤ ይህን ለመጠገን ባለሙያ መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው። ስለ «ቀጭ፣ ቀጭ» ከላይ ተናግረናል።

ድምፁ ከየትኛው ማራገቢያ እንደሚወጣ ለመለየት ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ወደ ጆሮ፣ ሌላውን ወደ ሳጥኑ ማስጠጋት ይረዳል። ቱቦው ከሚዞረው ክንፍ እንዳይደርስ፣ የነጠላ ጫፍና የአንገት ማዕተብም ወደ ውስጥ እንዳይንጠለጠል መጠንቀቅ ይገባል። በዚህ ነገር ስንስቅ የነበርን ቢሆንም አንድ ጊዜ ነጠላችን ተይዞብን አይተናል።

ከመፍታት በፊት አንድ ሌላ ነገር መታየት አለበት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት በመጫን ታስክ ማናጀርን መክፈት ይቻላል። ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት የፕሮሰሰሩ ሥራ ለብዙ ደቂቃ ከግማሽ በላይ ሆኖ ከቆየ በውስጡ ያልተጠራ እንግዳ ሊኖር ይችላል። ከፍላሽ የሚመጡ ቫይረሶችና ከተሰበሩ ፕሮግራሞች ጋር ተደብቀው የሚገቡ የዲጂታል ገንዘብ ቆፋሪዎች ማሽኑን ሌትና ቀን ያሠሩታል። እንዲህ ያለውን አቧራ በማራገፍ ማዳን አይቻልም፤ በጸረ ቫይረስ ፕሮግራም መመርመር፣ ካልሆነም ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው።

ጽዳቱ

ማሽኑ በሥርዓት ይጠፋል፤ ገመዱ ከሶኬቱ ይነቀላል። ከተነቀለ በኋላ የመክፈቻው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ቢያዝ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ሥራውም በበረንዳ ወይም በግቢ ይሁን እንጂ በክፍሉ ውስጥ አይሁን፤ አቧራው ከማሽኑ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ካረፈ በሳምንቱ ይመለሳል። በሱፍ ልብስ ወይም በናይለን ምንጣፍ ላይ የሚፈጠረው ቅጽበታዊ ኤሌክትሪክ ለሰው ባይታወቅም ለራሙና ለማዘርቦርዱ ጎጂ ነውና፣ እጅን ከማስገባት በፊት ያልተቀባውን የሳጥን ብረት መንካት ልማድ ይሁን። ከዚያም አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ይነሣ። የትኛው ሽቦ ከየት እንደተነቀለ ፎቶው ይመሰክራል።

ለመንፋት በከተማ ያሉ የጥገና ቤቶች የሚጠቀሙበት ትንሽ የእጅ ብሎወር ጥሩ ነው፤ ከሌለ ለስላሳና ደረቅ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። ወደ ጎሚስታ ቤት ተሸክመው ሄደው በመኪና ጎማ መንፊያ ያስነፉ አጥቢያዎች አሉ። ይህን አንመክርም። ከኮምፕሬሰሩ ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይት ይወጣል፤ ኃይሉም ትንንሽ ክፍሎችን ይነቅላል። የቤት አቧራ መጥረጊያ መኪናም አፉ ከማዘርቦርዱ ጋር ሲነካካ ቅጽበታዊ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር ለውስጠኛው ክፍል አይሆንም።

አየሩ ሲነፋ ማራገቢያው በጣት ወይም በእርሳስ ተይዞ እንዳይዞር ይደረግ። ብዙዎች ይህን እንደ ትርፍ ጥንቃቄ ይቆጥሩታል። በነፋስ ኃይል ከመጠን በላይ የሚዞር ማራገቢያ ግን መዞሪያው ይጎዳል፤ እንደ ትንሽ ጄኔሬተርም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ማዘርቦርዱ ሊልክ ይችላል። መጀመሪያ የብረቱ ክንፎች፣ ቀጥሎ የኋላ ማራገቢያው፣ በመጨረሻ የፊት ለፊቱ ቀዳዳዎች ይጸዳሉ። ክንፎቹ ከላይ ሲታዩ ንጹሕ መስለው ከማራገቢያው ሥር ሱፍ ተነጥፎባቸው ሊሆን ስለሚችል ማራገቢያውን ከብረቱ ለይቶ ማየት ይሻላል።

ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ከጀርባ የኤሌክትሪኩ ገመድ የሚገባበት የብረት ሣጥን፣ ከውጭ በቀዳዳው በኩል ይነፋል እንጂ ፈጽሞ አይፈታ። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ፤ ሰውን ሊገድል የሚችል ነው። ጩኸቱ ከእርሱ ከሆነ በሙሉው ይለወጥ።

ቅባቱና አራቱ ካስማዎች

በዚያ በደብረ ብርሃኑ አጥቢያ ማራገቢያውን ስናነሣ ከሥሩ የወጣው አቧራ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ እንደ ምንጣፍ ቁራጭ የተጠቀጠቀ ነበር። ያን ካነሣን በኋላ ሥራው ያለቀ መስሎን ነበር። መልሰን ከፍተን በባዮስ ስናይ ግን ሙቀቱ ከ91 ዲግሪ የወረደው ወደ 78 ብቻ ነው፤ ያውም ምንም ሳይሠራ። አስተዳዳሪው አባታችን በትዕግሥት ተቀምጠው ይመለከቱን ነበር፤ ኮሚቴውም ፕሮፎርማውን እንደያዘ ነው።

ብረቱን በእጃችን ስንነካው በአንድ በኩል ተነቃነቀ። ይህን ዓይነት ብረት ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያያይዙት አራት የፕላስቲክ ካስማዎች ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ በቀዳዳቸው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልገቡም ነበር። ምናልባት ከዚህ በፊት የፈታው ሰው ሲመልሰው «ቀጭ» እስኪል አልተጫነው ይሆናል። ብረቱ ከፕሮሰሰሩ ገጽ የወረቀት ውፍረት ያህል ከራቀ ሙቀቱ የሚሻገርበት የለውም። ስናነሣው ቅባቱ እንደ ጠመኔ ደርቆ ተፈረካከሰ።

የደረቀው ቅባት ከሁለቱም ገጽ በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ ይወጣል፤ በቢላ ወይም በካቻቢቴ አይፋቅ። ከዚያ አዲሱ ተርማል ፔስት የአንዲት ምስር ፍሬ ያህል በፕሮሰሰሩ መሐል ይደረግና ብረቱ በላዩ ይጫናል፤ ክብደቱ ራሱ ይዘረጋዋል። ብዙ መቀባት የተሻለ ያቀዘቅዛል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ የቅባቱ ሥራ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን በዓይን የማይታይ ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። ካስማዎቹ ወይም ብሎኖቹ በትእምርተ መስቀል አንጻር፣ ማለትም አንዱን ከዚያም በሰያፍ ትይዩ ያለውን እያደረጉ ይጠበቃሉ፤ አንዱን ወገን አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ብረቱን ያዘነብለዋል። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ የደረቀው ቅባት ፕሮሰሰሩን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ከማረፊያው ሊነቅለው ስለሚችል፣ ወደ ላይ ከመሳብ በፊት ብረቱን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማወዛወዝ ይገባል። የፕሮሰሰሩ እግሮች ከታጠፉ ጉዳዩ በእርግጥ ወደ ግዥ ይሄዳል።

ይህን ጨርሰን ስንከፍተው ባዮሱ 44 ዲግሪ አሳየ። ኮምፒውተሩ እስከ ማታ ሳይጠፋ ሠራ። ቃለ ጉባኤው በሌላ ቃለ ጉባኤ ተሽሮ የቤተ ልሔሙ ጣሪያ ከክረምቱ በፊት ተሸፈነ።

የሚፋጨው ድምፅ ግን አልቀረም ነበር፤ ከኋላው ማራገቢያ ነው። በመሐሉ ያለውን ወረቀት ልጠን፣ ከሥሩ ባለው መዞሪያ ላይ ከአንድ ልብስ ሰፊ የተገኘውን የስፌት መኪና ዘይት አንዲት ጠብታ ስናደርግበት ጸጥ አለ። ይህ ለጥቂት ሳምንታት የሚሆን ነው። የምግብ ዘይት ግን ሙጫ ስለሚሆን አይሞከር። አዲስ ማራገቢያ ሲገዛ አሮጌው ተፈትቶ ወደ ሱቁ ይወሰድ፤ ስፋቱ 80፣ 92 ወይም 120 ሚሊ ሜትር፣ መሰኪያውም ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ቀዳዳ ሊሆን ስለሚችልና አንዳንድ አምራቾች ለብቻቸው የሆነ መሰኪያ ስለሚጠቀሙ በቃል መግለጽ አያዋጣም። ሲገጠም የኋላው አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ መሆኑን በቁራጭ ወረቀት መፈተን ይገባል። ተገልብጦ የተገጠመ ማራገቢያ ይዞራል፤ ድምፅም የለውም፤ የሞቀውን አየር ግን መልሶ ያስገባል።

ስለ አቀማመጡ

ኮምፒውተሩ ከወለሉ ከፍ ብሎ በእንጨት መደብ ወይም በጠረጴዛው ላይ፣ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ፀሐይ ከማትደርስበት ይቀመጥ። በተዘጋ የጠረጴዛ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ለዓይን ያምራል፤ ማሽኑ ግን የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል። አንዳንዶች ደግሞ ሙቀት እንዳይዘው የጎን ክዳኑን ለዘወትር አውልቀው ይተዉታል። ለጥቂት ቀን የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን አየሩ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድበት ሥርዓት ይፈርሳል፤ አቧራውም ያለ ከልካይ ይገባል። በአንድ አጥቢያ አይጥ ገብታ ሽቦ በልታለች። ጥልፉን ጨርቅ በተመለከተ፣ ሥራ አልቆ ማሽኑ ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ቢለብስ እጅግ ጥሩ መከላከያ ነው። እኅታችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በርቷል።

ጽዳቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን ይበቃል። ለማስታወስ እንዲያመች አንዱን ኅዳር 12 ቀን፣ ግቢውና መንደሩ ሲጸዳ ማድረግ ይቻላል፤ ቆሻሻው በሚቃጠልበት ሰዓት ግን መስኮቱ ይዘጋ፣ ሥራውም ጢሱ ካለፈ በኋላ ይሁን። ሁለተኛው በግንቦት፣ የበጋው አቧራ ሲያበቃ ነው። የተጸዳበት ቀን፣ ያጸዳው ሰውና በባዮስ የታየው የሙቀት መጠን በአንድ ደብተር ይመዝገብ። ከ44 ወደ 55፣ ከዚያም ወደ 63 የሚወጣ ቁጥር ማሽኑ ከመጥፋቱ ከብዙ ወራት በፊት ይናገራል። ሥራውን ከወጣቶቹ መካከል ለሁለት ሰዎች በኃላፊነት መስጠት ይሻላል፤ አንዱ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከአካባቢው ሲሄድ ሌላው ይቀራልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሙቀቱ የማይወርድበት፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ የሚታይበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ኮሚቴው ያለ ጸጸት አዲስ ይግዛ። የሚጮኸው ሀርድ ዲስኩ ብቻ ከሆነ ግን ማሽኑን ሳይለውጡ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ይበቃል፤ የሚዞር አካል ስለሌለው ድምፅ የለውም፣ አሮጌውን ኮምፒውተርም በግልጽ ያፈጥነዋል። በፕሮፎርማ መጠየቂያው ላይ ከዋጋው ሌላ የዋስትናው ዘመንና መለዋወጫ ማራገቢያ በገበያ መገኘቱ ይጠየቅ። አሮጌው ማሽን ከመወገዱ በፊት ራሙና ደኅና የሆኑት ማራገቢያዎች ለመለዋወጫ ተፈትተው ይቀመጡ። ሀርድ ዲስኩ ግን ለማንም አይሰጥ፣ ከቁራጭ ብረት ጋርም አይሸጥ። የተሰረዘ የሚመስለው የምእመናን ስም፣ ስልክና መዋጮ ተመልሶ ሊነበብ ስለሚችል፣ ተፈትቶ በቁጥር ተመዝግቦ በካዝና ይግባ።